ያውቁ ኖሯል? ፀሐይ በማትወጣበት ወር የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎች

ያውቁ ኖሯል? በሰሜን ኖርዌይ፣ በትሮምሶ ከተማ፣ ኅዳር 18 ቀን ገደማ የጠለቀች ፀሐይ ተመልሳ ብቅ የምትለው ጥር 7 ቀን ገደማ፣ ጥምቀት ሊደርስ ሲል ነው። በግንቦት ደግሞ አንዴ ከወጣች እስከ ሐምሌ አጋማሽ አትጠልቅም። በክረምቱ ጨለማ ቀትር ላይ ሰማዩ እንደ ንጋት ትንሽ ሰማያዊ ይሆንና ተመልሶ ይጨልማል፤ የተማሪው ቀን በቃ ይኸው ነው። በዚያች ከተማ ያለው የኖርዌይ የአርክቲክ ዩኒቨርሲቲ በዓለም ካሉት ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ ወደ ሰሜን የራቀው ነው። (በዚህ ዓምድ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ዩኒቨርሲቲ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዕድሜ እንደሚያንስስ ያውቃሉ? የእኛው በ1943 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። የትሮምሶው ግን በፓርላማ የተወሰነው በ1968፣ በሩ የተከፈተውም በ1972 ነው። ከሃያ ዓመት በላይ እንበልጠዋለን ማለት ነው። ኖርዌይን የመሰለ አገር የሰሜን ልጆቹን ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ደቡብ ሲያሰድድ መኖሩ ይገርማል።

የዩኒቨርሲቲው መከፈቻ ትልቁ ምክንያት የሐኪም እጦት ነበር። የሰሜኑ ልጅ ሕክምና ሊማር ኦስሎ ወይም በርገን ይወርድና እዚያው ሥራ ይይዛል፣ ያገባል፣ ይቀራል። ከደቡብ የሚመደበው ሐኪም ደግሞ አንድ ሁለት ጨለማ ክረምት አሳልፎ ዕቃውን ይጠቀልላል። ስለዚህ «ሐኪሙን እዚሁ እናፍራው» ተባለ። ውጤቱ ከዓመታት በኋላ ሲመረመር፣ በሰሜን ተወልደው በትሮምሶ ከተመረቁት ሐኪሞች አብዛኞቹ በሰሜን ቀርተው ተገኙ። ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የጎንደር የጤና ኮሌጅ በ1946 ዓ.ም. ሲቋቋም ለገጠሩ ሰው የሚሆን የጤና ሠራተኛ ገጠሩን በሚያውቅ ቦታ ይሠልጥን በሚል ነበር።

አሁን ደግሞ ስለ ቡና። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ለምንል ሰዎች ይህን ሳልነግር ማለፍ አልችልም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሰሜን ኖርዌይ ወንዶች ገና በጎልማሳነታቸው በልብ ሕመም ይሞቱ ነበር። አዲሱ ዩኒቨርሲቲ ሥራ በጀመረ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1974፣ ከ20 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን የከተማውን ወንዶች ጠርቶ ደማቸውን መመርመር፣ አኗኗራቸውን መጠየቅ ያዘ። በኋላ ሴቶችም ተጨመሩ። በ1983 ተመራማሪዎቹ ያልተጠበቀ ነገር ይዘው ብቅ አሉ፤ ቡና በብዛት የሚጠጣው ሰው ደም ውስጥ ኮሌስትሮሉ ከፍ ብሎ ተገኘ። ዓለም ተከራከረ። በሌሎች አገሮች የተደረጉ ጥናቶች አንዳንዶቹ ተመሳሳይ ነገር አገኙ፣ አንዳንዶቹ ምንም አላገኙም።

ምስጢሩ የተገኘው ከአፈላሉ ነው። የሰሜን ሰው የተፈጨውን ቡና ማንቆርቆሪያ ውስጥ ከውኃው ጋር አፍልቶ፣ እስኪሰክን ጠብቆ፣ እንዲሁ ይቀዳዋል። ከሌላው አውሮፓዊ ብዙው ደግሞ በወረቀት ያጠልለዋል። በቡናው ቅባት ውስጥ ካፌስቶልና ካዌኦል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ፤ ኮሌስትሮል የሚያንሩት እነርሱ ናቸው፤ ወረቀቱ አብዛኛውን ያስቀራል፣ ማፍላት ብቻውን ግን አያስቀርም። ዛሬ በየትኛውም አገር ሐኪም «በወረቀት የተጠለለ ቡና ይሻላል» ሲል ከሰሙ፣ ነገሩ አንድ ዳር አገር ዩኒቨርሲቲ ጎረቤቶቹ ለምን እንደሚሞቱ ሲጠይቅ የጀመረ መሆኑን ያስታውሱ። ጥናቱ አልቆመም፤ ሰባተኛው ዙር በ2015ና በ2016 ተካሂዷል፤ የከተማው ነዋሪ በየጊዜው እየተጠራ ይመረመራል።

ከትሮምሶ ወደ ሰሜን፣ ባሕር ተሻግሮ ስቫልባርድ የሚባል የደሴቶች ስብስብ አለ። ሎንግይርባየን በምትባለው ከተማው በ1993 የተከፈተው የዩኒቨርሲቲ ማዕከል በዓለም ከፍተኛ ትምህርት ከሚሰጥባቸው ቦታዎች ሁሉ የመጨረሻው ሰሜን ነው፤ 78 ዲግሪ ላይ። አዲስ ተማሪ እንደ ደረሰ የሚጠብቀው የመጀመሪያ ትምህርት ምን ይመስልዎታል? ጠመንጃ መተኮስ። ከከተማው ክልል ውጭ ነጭ ድብ ስለሚገኝ ለመስክ ጥናት የሚወጣ ቡድን መሣሪያ ሳይዝ አይንቀሳቀስም። ከዚያ ቀጥሎ ከበረዶ ስንጥቅ ውስጥ የወደቀ ጓደኛን በገመድ ማውጣት፣ በቀዘቀዘ ባሕር ውስጥ መቆየት ይማራሉ።

ታዲያ እዚያው ተቋም በር ላይ ሁሉም ጫማውን ያወልቃል። ፕሮፌሰሩም ተማሪውም በካልሲ ነው የሚሄደው። ልማዱ ከድንጋይ ከሰል ማዕድን ሠራተኞች የተወረሰ ነው፤ የከሰሉን ጥላሸት ይዘው ቤት እንዳይገቡ ከደጅ ያወልቁ ነበር። ማዕድኑ እየተዘጋ ቢሄድም ልማዱ አልቀረም። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ በር ላይ ጫማ መደርደር ለለመደ ሰው ይህ ትዕይንት ቤተኛ ይመስላል።

ከዚህችው ከተማ አጠገብ፣ በ2008፣ ተራራ ተቦርቡሮ የዓለም የዘር ጎተራ ተከፈተ። እኛም እዚያ አደራ አለን፤ የዘር ባንኩ አዲስ አበባ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ተቋም የመኖ ዘሮች በዚያ በረዶ ውስጥ ተቀምጠዋል። አደራው የመጀመሪያ ተመላሽ የሆነው በ2015 ነበር፤ በጦርነት ከሶርያዋ አሌፖ የተፈናቀለ የምርምር ማዕከል ያስቀመጠውን ዘር ወስዶ እንደገና ዘራ።

የፊንላንዷ ሮቫኒዬሚ በ1944 በሚያፈገፍገው የጀርመን ጦር ተቃጥላ ነበር። ከተማዋን መልሶ የነደፋት ታላቁ አርክቴክት አልቫር አልቶ፣ የመንገዶቹን መስመር በአጋዘን ራስና ቀንድ ቅርጽ አወጣው። በ1979 የላፕላንድ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ተከፈተ።

ሳይቤሪያ ውስጥ ያኩትስክ በምትባል ከተማ፣ ሸርጊን የሚባል የንግድ ድርጅት ኃላፊ በ1828 ለግቢው የውኃ ጉድጓድ ማስቆፈር ጀመረ። ቢቆፈር በረዶ ነው፤ ቢቆፈር በረዶ ነው። ሰውየው ግን አልተወም። በ1837 ጉድጓዱ 116 ሜትር ደርሶ መሬቱ አሁንም እንደ ደነደነ ነበር፤ ጠብታ ውኃ አልተገኘም። ውኃ ያጣው ጉድጓድ ግን ሌላ ነገር አፈለቀ። በ1840ዎቹ ሚደንዶርፍ የሚባል የሳይንስ ሰው ወደ ውስጡ ወርዶ በየጥልቀቱ የመሬቱን ሙቀት ለካ፤ ዓመቱን ሙሉ የማይቀልጥ መሬት ምን ያህል እንደሚወርድ በልኬት መታወቅ የጀመረው ያኔ ነው። ጉድጓዱ ዛሬም አለ። በዚያችው ከተማም ይህንኑ የማይቀልጥ መሬት ብቻ የሚያጠና ተቋም አለ፤ ቤቶቹ መሬቱን አሙቀው እንዳያሰምጡት በምሰሶ ላይ ተንጠልጥለው ይሠራሉ፤ ዩኒቨርሲቲዋም የማሞት ሙዚየም አላት።

የሞስኮ ዩኒቨርሲቲ መሥራች ከሚባሉት ዋነኛው ሎሞኖሶቭ የሰሜን ዓሣ አጥማጅ ገበሬ ልጅ ነበር። በ1730 ክረምት፣ በ19 ዓመቱ፣ የደረቀ ዓሣ ከጫኑ ነጋዴዎች ጋር ከሺሕ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሞስኮ ገባ፤ የገበሬ ልጅ መሆኑን ደብቆም ተመዘገበ። የጥንቱን የቆሎ ተማሪ መንገድ ለሚያውቅ ሰው ይህ ታሪክ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በትውልድ አገሩ በአርካንግልስክ ያለው ዩኒቨርሲቲ ዛሬ በስሙ ይጠራል፤ ከ2012 ጀምሮም ተማሪዎቹን በመርከብ ጭኖ በአርክቲክ ባሕር ላይ የሚያስተምር «ተንሳፋፊ ዩኒቨርሲቲ» አለው።

የአላስካ ዩኒቨርሲቲ በፌርባንክስ በ1922 ሲከፈት ስድስት መምህራን ነበሩት። ተማሪውስ? እርሱም ስድስት። በማግሥቱ ዓመት የመጀመሪያው የምረቃ በዓል ሲደረግ ተመራቂው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ይኸው ዩኒቨርሲቲ የራሱ የሮኬት ማስወንጨፊያ ያለው፣ በዓለም ብቸኛው ዩኒቨርሲቲ ነው። ሮኬቶቹ የሚወነጨፉት ወደ ሰሜን ብርሃን ነው፤ በሌሊት ሰማይ ላይ እንደ አረንጓዴ መጋረጃ የሚወዛወዘውን ብርሃን ከውስጡ ሆነው ይለኩታል።

ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሴልሺየስም ሆነ በፋራናይት ያው 40 ነው፤ ሁለቱ መለኪያዎች የሚገናኙት እዚያ ላይ ብቻ ነው። የፌርባንክስ ተማሪዎች ያን ቀን ጠብቀው፣ በግቢው የሙቀት ሰሌዳ ሥር በዋና ልብስ ፎቶግራፍ ይነሣሉ።

አሁን ስለ ዓሣ ነባሪው። ይህን ታሪክ በጣም ስለምወደው ሰፋ አድርጌ ልንገርዎት።

በአላስካ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ዛሬ ኡትኪያግቪክ በምትባለው ከተማ፣ የኢኑፒያት ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ የሚኖረው ግዙፉን የበረዶ ባሕር ዓሣ ነባሪ እያደነ ነው። ሥጋው አይሸጥም፤ ለመንደሩ ሁሉ ይከፋፈላል። በ1977 የዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽን ይህን አደን ከለከለ። ምክንያቱ ቁጥር ነበር፤ ሳይንቲስቶቹ የቀሩት ከ600 እስከ 1,800 ቢሆኑ ነው ብለው ገምተው ነበር። ቆጠራው የሚደረገው ከበረዶው ዳር ቆሞ፣ በረዶ ባልሸፈነው ውኃ ላይ የሚያልፈውን በዓይን በማየት ነበር።

አዳኞቹ «ቆጠራችሁ ትክክል አይደለም» አሉ። ከአደን መሪዎቹ አንዱ የነበሩት አዛውንቱ ሃሪ ብራወር፣ በከተማዋ በነበረው የባሕር ኃይል የአርክቲክ ቤተ ሙከራ ለረጅም ጊዜ ያገለገሉ ሰው ነበሩ። አንድ ተመራማሪን ቁጭ አድርገው አስረዱት፦ ይህ እንስሳ በረዶ አይፈራም። ክፍት ውኃ ቢዘጋበት ከበረዶው ሥር ይሄዳል፤ መተንፈስ ሲፈልግ በራሱ ቅል ገፍቶ በረዶውን ከታች ይሰነጥቀዋል። እናንተ ዳር ላይ ቆማችሁ የምታዩት ጥቂቱን ነው፤ ብዙው እናንተ በማታዩት በኩል ያልፋል።

ይህ ለሳይንቲስት ጆሮ ተረት ይመስል ነበር። ቢሆንም የአካባቢው አስተዳደር በገዛ ገንዘቡ ተመራማሪዎችን ቀጥሮ ነገሩ እንዲፈተሽ አደረገ። ከበረዶው ሥር ማይክሮፎን ተሰቀለ፤ ሰዎቹ በዓይን ይቆጥራሉ፣ ማይክሮፎኑ ደግሞ የማይታየውን ድምፅ ይለቅማል። በአየርም ቅኝት ተደረገ። ክፍት ውኃ በሌለበት፣ ዳር ላይ የቆመው ቆጣሪ አንድም በማያይበት ሰዓት፣ ከታች ድምፁ ይሰማ ነበር! ሽማግሌው ያሉት ሁሉ ልክ ሆኖ ተገኘ። ቁጥሩ እየታረመ፣ መንጋውም ራሱ እየበዛ ሄዶ በ1993 ወደ 8 ሺሕ፣ በ2011 ከ16 ሺሕ በላይ ሆኖ ተቆጠረ። አደኑም በኮታ ቀጥሏል።

ለእኔ የዚህ ታሪክ ትልቁ ነገር ሽማግሌው ትክክል መሆናቸው ብቻ አይደለም። ተመራማሪው ማስታወሻውን ዘግቶ አለመሄዱም ጭምር ነው። «እስቲ እንየው» ብሎ በበረዶ ላይ ብዙ ጊዜ አሳለፈ። ገበሬው የሚያውቀውን ሳይጠይቅ መጠይቅ አስሞልቶ የሚመለስ ጥናት በየትም አገር አለና፣ ይህ ታሪክ ጥናት በሚጀመርበት ክፍል ሁሉ ቢነገር ደስ ይለኛል።

የዚያ የባሕር ኃይል ቤተ ሙከራ ሕንፃዎች ዛሬ ኮሌጅ ሆነዋል። ኢሊሳግቪክ ይባላል፤ በኢኑፒያት ቋንቋ «የመማሪያ ስፍራ» ማለት ነው። በአላስካ ውስጥ በነባር ሕዝቦች የሚተዳደር ብቸኛው ኮሌጅ ነው።

ስለዚሁ ዓሣ ነባሪ አንድ ልጨምር፤ ዕድሜው ከ200 ዓመት ሊያልፍ ይችላል። በ2007 በታደነ አንዱ አካል ውስጥ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተሠራ የጦር ስባሪ ተገኝቷል። አድዋ ላይ ስንዋጋ እርሱ ያን ስባሪ ይዞ ይዋኝ ነበር ማለት ይቻላል።

ያውቁ ኖሯል? ኤያክ የሚባለውን የአላስካ ቋንቋ አፉን ፈትቶበት የሚናገር የመጨረሻ ሰው ማሪ ስሚዝ ጆንስ የሚባሉ እናት ነበሩ፤ በጥር 2008 ዐረፉ። ቋንቋው ግን ጨርሶ አልተቀበረም። በፌርባንክስ በ1972 የተቋቋመው የአላስካ ነባር ቋንቋዎች ማዕከል መሥራች ማይክል ክራውስ ከእርሳቸውና ከሌሎች አዛውንቶች እግር ሥር ቁጭ ብሎ፣ መዝገበ ቃላቱንና ሰዋስውን ለብዙ ዓመታት ጽፎ ነበር። ከዚያም የማይጠበቅ ነገር ሆነ፤ አላስካን ረግጦ የማያውቅ አንድ ፈረንሳዊ ልጅ በዚያ መዝገብ ራሱን ኤያክ አስተማረ፣ አድጎም በ2010 አላስካ ድረስ ሄዶ ከክራውስ ጋር ሠራ። ክራውስ በ1992 ባሳተመው ጽሑፍ በዚህ ምዕተ ዓመት እስከ 90 በመቶ የሚሆነው የዓለም ቋንቋ ሊጠፋ ወይም ለመጥፋት ሊፈረድበት እንደሚችል ያስጠነቀቀ ሰው ነው።

ካናዳ ይህን ሁሉ የሰሜን ምድር ይዛ፣ በሰሜን ግዛቶቿ ውስጥ አንድም ዩኒቨርሲቲ ያልነበራት አገር ነበረች። የዩኮን ኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲነት ያደገው በ2020 ነው። ትናንት ማለት ነው።

ኑናቩት የሚባለው የኢኑዊቶች ግዛት በ1999 ሲመሠረት ከኢኑዊቶች መካከል ጠበቃ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እርሱም የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ግዛቱ ሕግ ሊያወጣ፣ ፍርድ ቤት ሊያቆም ነው፤ የሕግ ባለሙያ ግን የለም። ልጅና ቤተሰብ ይዘው በሺሕ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ሄደው ለዓመታት መማር የማይሆንላቸው ብዙ ነበሩ። ስለዚህ የቪክቶሪያ ዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህራን ከካናዳ ሌላ ጫፍ በአውሮፕላን ወደ ግዛቱ ዋና ከተማ ወደ ኢቃሉት እየተመላለሱ አስተማሩ። በ2005 አሥራ አንድ ሰው ተመረቀ። ትምህርት ቤቱ አኪትሲራቅ ተባለ፤ ስሙ የጥንት ሽማግሌዎች ተሰብስበው ፍርድ ይሰጡበት ከነበረ የድንጋይ ክብ የተወሰደ ነው። ዋርካ ሥር የሚቀመጥ ሸንጎ ያየ ሰው የስሙን ክብደት ይረዳዋል።

ግሪንላንድ ውስጥ አንዱን ከተማ ከሌላው የሚያገናኝ መንገድ የለም። ከኢሉሊሳት ተነሥቶ በዋና ከተማዋ በኑክ ወዳለው ዩኒቨርሲቲ የሚሄድ ተማሪ ወይ ይበርራል ወይ በመርከብ ይሄዳል። ኢሊሲማቱሳርፊክ የሚባለው ይህ ዩኒቨርሲቲ በ1980ዎቹ እንደ ትንሽ የኢኑዊት ተቋም ጀምሮ ያደገ ነው። ሕዝቡ በጠቅላላ 57 ሺሕ ገደማ ነው፤ የራሱን ታሪክና የራሱን ቋንቋ ግን በራሱ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። በግሪንላንድ ቋንቋ ጋዜጣ መታተም የጀመረው በ1861 ነው ብልዎት ያምኑኛል?

ግቢ የሌለው፣ አጥር የሌለው፣ ዲግሪ የማይሰጥ ዩኒቨርሲቲስ? የአርክቲክ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ (የትሮምሶው አይደለም) በ2001 ሮቫኒዬሚ ላይ የተመረቀው ይህ ነው፤ በሰሜን ዙሪያ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ኮሌጆችና የምርምር ተቋማት ተማሪና መምህር የሚለዋወጡበት ማኅበር ነው። በ2022 የዩክሬን ጦርነት ሲነሣ የሩሲያ ተቋማት ተሳትፎ ተቋረጠ። ከአርክቲክ የባሕር ዳርቻ ግማሽ ያህሉ የሩሲያ ነው፤ የማይቀልጠው መሬት መቅለጡን ለማወቅ የያኩትስክ ልኬት ያስፈልጋል። የሳይንስ ሰዎች እርስ በርስ ሳይደዋወሉ የሚያልፉት እያንዳንዱ ዓመት ያሳዝነኛል።

የሳሚ ሕዝብ በኖርዌይ፣ በስዊድን፣ በፊንላንድና በሩሲያ ሰሜን ይኖራል። በኖርዌይ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አንሥቶ ለመቶ ዓመት ያህል የሳሚ ልጅ በትምህርት ቤት ቋንቋውን እንዲተው ይገደድ ነበር፤ ፓርላማው ለዚህ በይፋ ይቅርታ የጠየቀው በ2024 ነው። ከዚያ በፊት ግን፣ በ1989፣ ካውቶኬይኖ በምትባል የአጋዘን አርቢዎች ከተማ የሳሚ ከፍተኛ ትምህርት ተቋም ተከፍቷል። ንግግሩ፣ ደብዳቤው፣ ስብሰባው፣ ትምህርቱ በሰሜን ሳሚ ቋንቋ ነው። ሕንፃው ዲየህቶሲዳ ይባላል፤ «ዲየህቱ» ዕውቀት፣ «ሲዳ» ደግሞ አጋዘን አብረው የሚጠብቁ ቤተሰቦች ማኅበር ነው።

እዚያ የአጋዘን እርባታ ራሱን ችሎ የሚጠና ትምህርት ነው። ምን ይጠናበታል ቢሉ፣ «ጉኦህቱን» የምትለዋን አንዲት ቃል እንውሰድ። አጋዘን በክረምት በረዶውን በኮቴው ቆፍሮ ከሥሩ ያለውን ላይከን የሚባለውን የመሬት ሽበት ይበላል። ጉኦህቱን ማለት እንስሳው በረዶውን አልፎ ግጦሹን የማግኘት ዕድሉ ነው፤ የበረዶው ጥልቀት፣ የላዩ ጥንካሬ፣ የሥሩ ልልነት፣ የግጦሹ ዓይነት ሁሉ በዚያች ቃል ውስጥ አለ። በክረምት መካከል ዝናብ ዘንቦ ተመልሶ ሲረጋ መሬቱ በመስተዋት የተከደነ ያህል ይሆናል፤ አጋዘኑ ሽታው እየሸተተው ይራባል። በሳተላይት ፎቶግራፍ ግን የሚገጠውም የተከደነውም ነጭ ሜዳ ነው። ከብቱን ቦራ፣ ቡሬ፣ ዳለቻ ብሎ ከሩቅ የሚለይ እረኛ ያለው አገር ሰው፣ እንዲህ ያለ ቃል ሲጠፋ ምን አብሮ እንደሚሄድ ያውቃል።

የመጨረሻው የኢናሪ ሐይቅ ነው፣ በፊንላንድ። ኢናሪ ሳሚ የሚባለውን ቋንቋ የሚናገሩት 350 ገደማ ሰዎች ናቸው። በ1997 ሕፃናት ቀኑን ሙሉ ቋንቋውን ብቻ የሚሰሙበት መዋያ ተከፈተ፤ ልጆቹ ተናገሩ። አዛውንቶቹም ይናገሩ ነበር። መካከሉ ግን ባዶ ነበር፤ አዳሪ ትምህርት ቤት ገብተው ፊንላንድኛ ብቻ እየተናገሩ ያደጉት፣ ያኔ መምህር፣ ጋዜጠኛ፣ የሕፃናት ተንከባካቢ መሆን የነበረባቸው የሥራ ዕድሜ ሰዎች ቋንቋውን አያውቁትም ነበር። አያትና የልጅ ልጅ ነበረ፤ እናትና አባት አልነበረም።

የኦውሉ ዩኒቨርሲቲ፣ የኢናሪ የሳሚ ማሠልጠኛና የቋንቋው ማኅበር ተባብረው በ2009 አሥራ ሰባት ጎልማሶችን መረጡ። ሥራቸውን ለአንድ ዓመት ትተው እንዲማሩ ነው። አሥራ ሰባት ሰው ለ350 ሰው ቋንቋ አምስት በመቶ ያህል ነው፤ ለአማርኛ ቢሰላ ሚሊዮኖች ይሆናሉ። መጀመሪያ ክፍል ውስጥ ሰዋስው ተማሩ። ከዚያ መማሪያው ክፍል መሆኑ ቀረና የአዛውንቶቹ ቤት ሆነ። ምግብ አብሮ ማብሰል፣ ዕደ ጥበብ፣ ዓሣ ማጥመድ። በክረምት የኢናሪ ሐይቅ ይደነድናል፤ መረብ ለመዘርጋት በረዶው በየተወሰነ ርቀት ይበሳል፣ ገመድ የታሰረበት ረጅም እንጨት ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው ከበረዶው ሥር ይገፋል፣ መረቡም በገመዱ ተስቦ ይገባል። ይህን ከአዛውንቱ ጋር አብሮ የሚሠራ ሰው «ሳበው»፣ «ልቀቀው»፣ «ትንሽ ወደ ግራ» የሚሉትን ቃላት በጊዜው መስማትና በጊዜው መመለስ አለበት፤ መጽሐፍ የሚገልጥበት እጅ የለውም።

ያስተማሯቸው አዛውንቶች ብዙዎቹ ልጆቻቸውን በገዛ ቋንቋቸው ያላሳደጉ ነበሩ፤ በልጅነታቸው ቋንቋው የማይጠቅም ነው ተብለው አድገዋል። አሁን ደጃቸውን የሚያንኳኳ ተማሪ መጣ፣ ዩኒቨርሲቲ የላከው፣ በቋንቋቸው «እንዴት አደሩ» የሚል። ከአሥራ ሰባቱም በርካቶቹ ዓመቱ ሲያልቅ በዚያው ቋንቋ ሥራ ያዙ፤ ክፍል ገብተው የቋንቋ መዋያውን ልጆች ተቀበሉ።